ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት በዓል

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ለወላጆች፤ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



 በዚህ መድረክ ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ስፖርት ሰፊ ንግግር ሲደረግ ሰምታችኋል። እኔ የእጅ ሥራ መምህር እንደ መሆኔ መጠን የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ወረቀት ነው። በረመዳን ወርና በዒድ ከታናናሽ ልጆች ጋር ተቀምጠን ከወረቀት ምን ልንሠራ እንደምንችል፤ ደግሞም ይህን መሥራት ስለምን እንደሚገባን ባጭሩ አስረዳለሁ።

«ይህማ የሕፃናት ነገር ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በየቤታችሁ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት እናንተ ናችሁ። እናት በማድቤት ሾርባውንና ሳምቡሳውን ስታሰናዳ፤ አባትም ከሥራው ገና ሳይመለስ፤ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ታናናሾቹን የሚይዝ ከእናንተ በቀር ማን አለ? ስለዚህ ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን እስኪደርስ ድረስ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት የታወቀ ነው። ሆኖም ልጅ ከትልልቆቹ መለየትን አይወድምና «እኔም እጾማለሁ» ብሎ ይነሣል። እስከ ቀትር ይበረታል፤ ከቀትር በኋላ ግን ሆዱ ይጮኽበታል፤ ሰዓቱም አልሄድ ይለዋል፤ በመጨረሻም ማልቀስ ይጀምራል። ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። አር-ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ የተባለች የመዲና ሴት፤ በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን የዓሹራን ጾም ልጆቻቸውን ጭምር ያስጾሙ እንደነበር ተናግራለች። አንዱ ልጅ ምግብ ብሎ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያ ሰዓት ያቆዩት ነበር። ይህም ቃሏ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚያ እናቶች ልጁን በቁጣ ዝም አላሰኙትም፤ ብቻውንም አልተዉትም። በእጁ የሚይዘው ነገር ሠርተው ሰጡት። እኛ ዛሬ በሱፉ ፈንታ ወረቀት አለን። ከዚህም አንድ እርምጃ አልፈን መጫወቻውን ልጁ ራሱ እንዲሠራው ብናደርግ ሰዓቱ ያልፍለታል፤ የሚያልፈውም ሰዓት ትምህርት ይሆንለታል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለበትም። ያለቀ ደብተር፤ የዳቦና የስኳር ከረጢት፤ የጫማ ካርቶን፤ አንድ መቀስ፤ ማስመሪያ፤ እርሳስ፤ ክርና ወስፌ ይበቃሉ። ማጣበቂያ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ጨምሩበትና በለሰለሰ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ሲበርድ ወረቀትን ከወረቀት አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ቢቆይ ይሸታልና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብቻ ይሠራ።

ቀለሙም ከማድቤት ይገኛል። የቡና አተላ በውሃ ተፈልቶ ሲጠል ነጩን ወረቀት እንደ ጥንት መጽሐፍ ቅጠል ቡናማ ያደርገዋል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሲፈላ ወደ ወርቅ የሚያደላ ብጫ ይሰጣል። የቀይ ሥር ውሃ ያማረ ቀይ ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋልና በጥላ ውስጥ ለሚሰቀል ነገር ብቻ ይሁን። ወረቀቱን በሰፊ ሳሕን ውስጥ ነክራችሁ በገመድ ላይ አስጡት፤ ከደረቀ በኋላ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ቢያድር ይስተካከላል።

መቀስ ከመነሣቱ በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የፈጣሪ ስም የተጻፈበት ወረቀት አይቆረጥም፤ አይረገጥምም። በቁርኣን ቤት ልጆች ለውሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ታውቃላችሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ጽሕፈቱ በውሃ ይታጠባል እንጂ እንደ ተራ ነገር አይጣልም። ክርስቲያኑም ቢሆን የዳዊት ቅጠል ለመጠቅለያ ሲውል ቢያይ ያዝናል። ስለዚህ ታላቁ ልጅ እያንዳንዱን ሉክ ገልጦ ይመርምር፤ ታናሹም ስለምን እንደሚመረምር ይጠይቀው። ገና ምንም ሳይቆረጥ የመጀመሪያው ትምህርት ተሰጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አምስት ነገሮችን መርጫለሁ።

አንደኛው የወረቀት ሳምቡሳ ነው። በሐረር በረመዳን ማታ ሳምቡሳ የማይቀርብበት ማዕድ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ልጆቹ አጣጠፉን ከእናታቸው እጅ አይተውታል። ርዝመቱ 30፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሉክ ወስዳችሁ በቁመቱ ከ4 ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። የቁራጩን አንድ ማዕዘን አንሥታችሁ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ጋር ብታጋጥሙት ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ያንኑ ሦስት ማዕዘን አንድ ጊዜ ወደ ፊት፤ አንድ ጊዜ ወደ ጎን እያገላበጣችሁ እስከ ጫፉ እጠፉት፤ የተረፈውን ጫፍ ወደ ውስጥ ክተቱት። ያለ ማጣበቂያ ተዘግቶ ይቀመጣል።

ከ8 ሉክ 32 ቁራጭ ይገኛል። ሁለቱ ለመለማመጃ ይሁኑ፤ የቀሩት 30ዎቹ ለ30 የረመዳን ማታዎች ናቸው። ከመዘጋታቸው በፊት በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አግቡ፤ «ለአያትህ ውሃ አቅርብ»፤ «ከተጣላሃት እህትህ ጋር ታረቅ»፤ «ለጎረቤት ተምር አድርስ»፤ «ያልገባህን አንድ ነገር ነገ መምህርህን ጠይቅ» የሚሉና ይህን የመሳሰሉ ይሁኑ። ሁሉንም በክር ሰክታችሁ በግድግዳ ላይ ስቀሏቸው። ልጁ ማታ ማታ ካፈጠረ በኋላ አንዱን ይፈታል፤ በማግሥቱም የተጻፈውን ይፈጽማል።

እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት ተደብቋል። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው። በ29ኛው ቀን ማታ የሸዋል ጨረቃ ከታየች 30ኛው ሳምቡሳ ሳይፈታ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። ልጁም «ስለምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናንተም ወሩ በሰማይ ምልክት እንደሚቆጠር፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ እንደሚቀድም፤ በ33 ዓመት ገደማም ክረምትና በጋን ሁሉ ዞሮ ወደ ቀድሞ ቦታው እንደሚመለስ ታስረዱታላችሁ። ይህን በክፍል ውስጥ ሰምቶ የሚረሳ ልጅ፤ ሳይፈታ የቀረችውን ሳምቡሳ ግን አይረሳትም።

ሁለተኛው ጨረቃ ነው። የሻሂ ብርጭቆ አፍ በካርቶን ላይ ደፍታችሁ በእርሳስ ክቡን ሣሉ፤ ከዚያም ብርጭቆውን በአውራ ጣት ስፋት ያህል ወደ ጎን አንሸራታችሁ እንደገና ሣሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል የቀረው ጨረቃ ነውና ቆርጣችሁ አውጡት። ይህ ለ5 ዓመት ልጅም አያዳግትም።

ነገር ግን ከመስቀላችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ውጡና በምዕራብ በኩል ያለውን ሰማይ ተመልከቱ። በመጻሕፍትና በሱቅ ጌጦች ላይ ጨረቃዋ በጎኗ ቆማ፤ በቀንዶቿ መካከልም ኮከብ ይዛ ትሣላለች። ከሐረር የምትታየው አዲስ ጨረቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ታንኳ የተጋደመች ናት፤ ሁለቱም ቀንዶቿ ወደ ላይ ያመለክታሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀጥታ ወደ ታች ለመውረድ የቀረበች ሆና ትጠልቃለች፤ የጨረቃም ብሩህ ጎን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ስለሆነ ከሥር ታበራለች። በወራቱ ልዩነት ጥቂት ታዘነብል ይሆናል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። በቀንዶቿም መካከል ኮከብ ሊታይ አይችልም፤ ያ ስፍራ ባዶ ሳይሆን የጨረቃዋ ጨለማ ክፍል ነውና ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል።

ይህን ስል የታወቀውን ምልክት መንቀፌ አይደለም፤ ምልክት ምልክት ነው። ነገር ግን ልጅ የራሱን ከተማ ጨረቃ በዓይኑ አይቶ በመቀሱ ሲቆርጥ ማስተዋልን ይማራል። ስለዚህ ክሩን በሁለቱ ቀንዶች ላይ አስራችሁ ጨረቃዋን እንደ ታንኳ አንጠልጥሏት፤ ኮከቡንም ከጎኗ ለብቻው ስቀሉት።

ሦስተኛው ፋኖስ ነው። በግብፅ አገር በካይሮ ልጆች በረመዳን ማታ ፋኖስ ይዘው በየመንገዱ ይዞራሉ፤ ልማዱም ከፋጢማውያን ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል። ፋኖስ የሚለውን ቃል ዐረቡም እኛም በአንድነት እንጠራዋለን። አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 በ20 የሆነውን ሉክ በቁመቱ ለሁለት እጠፉት። ከተከፈተው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ መስመር አስምሩ። ከታጠፈው ጠርዝ ተነሥታችሁ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ እስከ መስመሩ ድረስ ቁረጡ፤ መስመሩን ግን አትለፉ። ከዚያ ገልጣችሁ ጠቅልሉትና ዳርና ዳሩን አጣብቁ። በሽንኩርት ልጣጭ ከቀለመ ወረቀት ቁመቱ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቅልል ሠርታችሁ በውስጡ አግቡ፤ የላዩንና የታቹን ጠርዝ ከውስጠኛው ጋር ብታጣብቁት የውጭኛው ይነፋና ብርሃን የያዘ ይመስላል። ከአንዲት ቀጭን ቁራጭ እጀታ አድርጉለት።

ወላጆች ሆይ፤ በዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አለ። በወረቀት ፋኖስ ውስጥ ሻማም ሆነ ኩራዝ አይግባበት። በጀጎል ውስጥ ቤቱ ከቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃላችሁ። ብርሃን ካስፈለገ ትንሽ የባትሪ መብራት ይበቃል፤ ያለዚያም ባዶውን ቢሰቀል ያው ያምራል።

አራተኛው የወረቀት ስፌት ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ዕቃ የተሸለመ መሆኑን እንግዳ ሁሉ ያደንቃል። እናቶቻችን ስንደዶውንና አክርማውን በወስፌ እየወጉ ያን ጥለት ሲያወጡ ምንም ሥዕል በፊታቸው የለም፤ ሁሉም በቁጥር በራሳቸው ውስጥ ነው። ልጅ ወስፌ ለመያዝ ገና ቢሆንም ቁጥሩን በወረቀት መጀመር ይችላል። በአራት በኩል 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ለሁለት እጠፉ፤ ከታጠፈው በኩል በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቁረጡ፤ በሌላው በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ይቅር። ከገለጣችሁት በኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ባለሌላ ቀለም ቁራጮች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ አስገቡ፤ ቀጣዩ መስመር የፊተኛው ተቃራኒ ይሁን። ይህን የለመደ ልጅ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች እያለ፤ በየመስመሩም አንድ እየገፋ ቢቀጥል እንደ ደረጃ የሚወጣ ጥለት ያገኛል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ ካለው ስፌት ጋር ያስተያየው፤ ከዚያም የሰፋችውን እናቱን ወይም አያቱን ይጠይቅ። የተሠራው ወረቀት የተምር ሳሕን መክደኛ ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ለዒድ ከዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ይጎነጉኑና ሩዝ አግብተው ይቀቅሉበታል፤ ስሙም ከቱፓት ይባላል። ልጆቻቸውም ይህንኑ ጉንጉን ከባለቀለም ወረቀት ሠርተው ቤታቸውን ያስጌጣሉ። እነርሱ ከማዕዳቸው ጌጥ ካወጡ እኛም ከሳምቡሳችንና ከስፌታችን ብናወጣ የሚገባ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው የዒድ መልእክት ነው። በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፤ ስለ ከተማችን ያልወደደውን ብዙ የጻፈ ሰው ሆኖ ሳለ፤ የሐረርን የመጽሐፍ ድጉሰት ግን ስለ ጥንካሬውና ስለ ውበቱ ከፍ አድርጎ አመስግኗል። በጀጎል ውስጥ ባለው በሸሪፍ ሙዚየም ገብቶ የጥንቱን መጻሕፍት ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። የእስላም መጻሕፍት ድጉሰት ከኋላኛው ሽፋን የሚወጣ ምላስ አለው፤ ምላሱም በገጾቹ ዳር ታጥፎ ከፊተኛው ሽፋን ሥር ይገባል። መጽሐፉን ከአቧራ ይጠብቃል፤ የንባቡንም ስፍራ ያመለክታል።

ልጆችም በዚሁ አምሳል መልእክት ይሥሩ። በቡና አተላ የቀለመውን 30 በ20 ሉክ በርዝመቱ በኩል 12፤ 12ና 6 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ምልክት ስጡና በምልክቱ ላይ እጠፉት። የ6 ሳንቲ ሜትሩ ምላስ ነው፤ ሁለቱን ማዕዘኖች ቆርጣችሁ አሹሉት። ሌላ ትንሽ ወረቀት ከአራት አጥፋችሁ ዳር ዳሩን ቅረጹ፤ ሲገለጥ የሚወጣውን ጌጥ በፊተኛው ሽፋን መካከል ለጥፉት። በውስጡም «ዒድ ሙባረክ» ብላችሁ፤ የመልካም ምኞታችሁን ቃል በሐረሪ፤ በአማርኛ፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ፤ ተቀባዩ በሚያውቀው ቋንቋ ጻፉ። ይህን መልእክት የሚቀበለው ቤቱ ሰው የማይበዛበት አረጋዊ፤ የታመመ ጎረቤት ወይም ቁርኣን ያስቀራችሁ መምህር ቢሆን መልካም ነው።

በዚህም ላይ አንድ ልዩ ነገር ልጨምር። በቀድሞ ጊዜ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮችና በእኛም አገር መጽሐፍ ከተጻፈበት ወረቀት ብዙው ከጣሊያን አገር፤ ከቬኒስ አካባቢ የመጣ ነበር። ከነዚህ ወረቀቶች አንዳንዱን ወደ ብርሃን አቅንተው ቢያዩት ሦስት ጨረቃዎች ተሰልፈው በውስጡ ይታያሉ፤ የወረቀት ሠሪዎቹ ምልክት ነበር። እንግዲህ ወረቀትና ጨረቃ የተገናኙት ዛሬ በእኛ መቀስ አይደለም። ያ ወረቀት በባሕርና በግመል ተጉዞ ስለሚመጣ ውድ ነበርና አንዲት ቁራጭ አትባክንም ነበር። እኛም ያለቀውን ደብተር ስንቆጥብ የእነዚያን ጸሐፊዎች ልማድ ተከተልን ማለት ነው።

ክቡራን ወላጆች፤

ይህን ሁሉ የምናገረው ጌጥ ስለጠፋ አይደለም። ዛሬ በየሱቁ የፕላስቲክ ፋኖስና የሚያብረቀርቅ ጨረቃ ሞልቷል፤ የሚገዛውንም አልነቅፍም። ነገር ግን የተገዛ ጌጥ ከሱቅ ወጥቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በመካከሉ የልጁ እጅ አልገባበትም። በዓሉ ለልጁ የሚመለከተው ነገር ይሆናል እንጂ የሚያደርገው ነገር አይሆንም። የተመለከቱት ይረሳል፤ የሠሩት ግን በእጅ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ነገር ለእኛ ለሐረር ሰዎች ከሌላው ይልቅ ያሳስበናል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዒድ አልፈጥር በኋላ የሸዋል 6 ቀኖች ተጾመው ሲፈጸሙ ዚክርና ከበሮ እየተሰማ ለ3 ቀን የሚከበረው ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ምዝገባዎች መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። ግንብ ቢፈርስ በድንጋይና በጭቃ ይጠገናል። በዓል ግን በሰው ልብና በሰው እጅ የሚኖር ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ካልተላለፈ በመዝገብ ውስጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። መዝገቡ ለልጅ ስፌት አያስተምርም፤ ድጉሰትም አያሳይም። ይህን የሚያደርግ የቤት ሰው ነው።

ደግሞም ስፌት የሴቶች፤ ድጉሰት የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። በወረቀት ሥራ ግን ወንድ ልጅም ጥለት ይቆጥራል፤ ሴት ልጅም ሽፋን ታጥፋለች። ከልጅነታቸው አንዱ የሌላውን ጥበብ ቢያከብር ምን ጉዳት አለው? ጥቅም እንጂ።

በክፍላችን ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ በሰፈርም ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ የወረቀቱ ገበታ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ክርስቲያኑ ልጅ ለጓደኛው ፋኖስ ሲቆርጥ ሃይማኖቱን አይለውጥም፤ ጉርብትናውን ያጸናል እንጂ። ሙስሊሙም ልጅ እንዲሁ ለገና ወይም ለትንሣኤ ያችኑ ባለምላስ መልእክት ሠርቶ ለጓደኛው ቢያደርስ ብድሩን በሚገባ መለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ።

መምህራን ባልደረቦቼን የምለምነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ያለቁት ደብተሮች እንዳይጣሉ በየክፍሉ አንድ ካርቶን ይቀመጥላቸው ዘንድ ነው። የጽሕፈታቸው ሁኔታ ተመርምሮ ንጹሑ ወረቀት ለታናናሾቹ ክፍሎች ይሰጥ።

ወላጆችን የምለምነው፤ ልጁ የሠራው ጠማማም ቢሆን አታቃኑበት። ጨረቃው ሰፍቶ፤ ፋኖሱም ዘንብሎ ቢመጣ እንዳለ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ይሰቀል። እንግዳ ሲገባ «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ተብሎ ስሙ ይጠራለት። ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት ለልጅ አይገኝም።

እናንተን ተማሪዎቼን የምለምነው ደግሞ ጥቂት ነገር ነው። በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ለታናሾቻችሁ ስጡ። ስልኩን አስቀምጡ፤ ጥናቱንም ለጊዜው ዝጉ። መቀሱን እናንተ ያዙ፤ ማጠፉን ለእርሱ ተዉለት። ሲሳሳት ከእጁ አትንጠቁ፤ ሌላ ቁራጭ ስጡትና እንደገና ይሞክር። አዛን ሲሰማ ሁለታችሁም ወረቀቱን ሰብስባችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ማዕዱ ትሄዳላችሁ፤ ያ ሕፃን ያለቀሰበት ሰዓት ሳይሆን የሠራበት ሰዓት አልፎለታል። ከብዙ ዓመት በኋላም እርሱ ታላቅ ሆኖ ከሌላ ሕፃን ጋር ሲቀመጥ እጁ ማጠፉን ያስታውሰዋል።

 ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ይኑር፤ ልጆቻችንንም ፈጣሪ ያሳድግልን። በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።